በግንቦት የተዘጋ መስኮት

ማዘንጊያ የተገኘችው አልጋዋ ላይ ሳይሆን በሯ ሥር ነው። በደረቷ ተደፍታ፣ ቀኝ እጇን ወደ መዝጊያው ዘርግታ፣ የሁለት ጣቶቿ ጥፍር ተሰብሮ ነበር። መቶ አለቃ ዘገዬ ጨረቃ ሆቴል ሲደርስ ግን ያየው ሌላ ነው። የሃያ አራት ዓመቷ ዘፋኝ በጀርባዋ ተጋድማ፣ ነጭ አንሶላ እስከ አገጯ ለብሳ፣ ጠጉሯ ተበጥሮ፣ ደክሟት ያንቀላፋች መስላለች።

«ለክብሯ ብዬ ነው ያነሳኋት» አለ የሆቴሉ ባለቤት ኢስሃቅ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። «ዶክተር ገብረ መድኅን አይቷታል። ወባ ነው፤ ራሷ ላይ የወጣ ወባ። ወረቀቱ ይኸውልህ። ሣጥኑም ታዟል፤ ከቀትር በፊት እንቀብራታለን። በዚህ ሙቀት ሬሳ አይቆይም፣ መቶ አለቃ፤ ታውቀዋለህ።»

«ፖሊስ የጠራው ማን ነው?»

ኢስሃቅ ዙሪያውን ገላመጠ። ኮሪደሩ ላይ ከቆሙት መካከል የአልጋ አንጣፊዋ በለጠች መጥረጊያዋን እንደያዘች ወደፊት ወጣች።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«አንቺ?» አለ ኢስሃቅ።

«አዎን፣ እኔ። እናቴ በወባ ነው የሞተች፤ አጠገቧ ነበርሁ። በወባ የሚሞት ሰው በር አይቧጭርም።»

ዘገዬ መነጽሩን አውልቆ አቧራውን ጠረገ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሲናደድ ድምፁ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ጆሮው ግን ይቀላል። ረዳቱ ሃምሳ አለቃ ሙመድ ይህን ስለሚያውቅ በዚያች ቅጽበት ወደ መቶ አለቃው ጆሮ አየና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሁላችሁም ውጡ» አለ ዘገዬ። «በለጠች ትቅር። ሬሳው አይቀበርም፤ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል።»

«አቦ፣ እንግዳ አለብኝ! ስሜን ታጠፋዋለህ!» ብሎ ኢስሃቅ ጮኸ። ሙመድ ክንዱን በወዳጅነት ይዞ አወጣው።

«በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ለቁርስ ብጠራት ብጠራት ዝም አለችኝ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ቁልፉ የለም። ከጋሼ ኢስሃቅ ሁለተኛውን ቁልፍ ተቀብዬ ከፈትሁት። እሷ ከሥሩ ስለነበረች እንደምንም ሾልኬ ነው የገባሁ። ስገባ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ያለ ግለት ፊቴን መታኝ። መስኮቱ ድፍን ብሏል። ሮጬ መስኮቱን ከፈትሁ። ከዚያ ነው ዞሬ በደንብ ያየኋት፤ ከዚያ ነው የጮኽሁ።»

«ኢስሃቅና ሌሎቹ ሲገቡ መስኮቱ ክፍት ነበር ማለት ነው?»

«ወለል ብሎ።»

«ተዘግቶ እንደነበር ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? ማን ጠየቀኝና?»

ዘገዬ በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየ። የገመድ አልጋዎች ከዛፉ ሥር ተደርድረዋል። ድሬዳዋ ግንቦት ሲገባ አልጋ ከቤት ይወጣል፤ ወጥ ቤቱም፣ አስተናጋጁም፣ ክራር መቺውም እዚያው ጓሮ ነው የሚያድሩት። ከአልጋዎቹ አንዱ አልተነጠፈም።

«የማን ነው?»

«የሷ። ሙቀቱ ከገባ ወዲህ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምትተኛ። ትናንትና ግን አንድ ዘፈን ዘፍና እያሳላት ከመድረክ ወረደች፤ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።»

ዘገዬ ፊቱን አዞረና በለጠች አንሶላውን ገልጣ ያየችውን እንድትነግረው ጠየቃት። ከንፈሯ ጠቁሯል። አንገቷና ብብቷ ላይ እንደ ወንፊት ቀዳዳ የደቀቁ ቀይ ነጠብጣቦች አሉ። ግራ ክንዷ ላይ አዲስ የመርፌ ቀዳዳ አለ። በለጠች በድንገት አንሶላውን መልሳ ሸፈነችው።

«ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ ከጡቶቿ ሥር፣ እጥፋቱ ላይ፣ እዚህም እዚያም ቀይ ነገር አለ። ደም መስሎኝ ነበር። ደም አይደለም፤ የጥፍር ቀለም ነው። ከሥሩ ደግሞ ቀዳዳ አለ።»

የማዘንጊያ ጥፍሮች ቀለም ነክቷቸው አያውቅም።

ወንበሩ ላይ የጡት መያዣዋ ተሰቅሏል። ዘገዬ አነሳው። ከሥሩ በሁለቱም በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል እርጥበት አለ፤ እርጥበቱ ላይ አቧራ ተጣብቆ ቡናማ ሆኗል። በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው። ያንሸራትታል። አይሸትም። ያ ክፍል እንደ ምድጃ ሲነድ አድሮ ይህ ጨርቅ አልደረቀም። ጠቅልሎ ያዘው።

የዶክተር ገብረ መድኅን ክሊኒክ ከሆቴሉ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ዶክተሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ጋውኑ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

«ዛሬ ጠዋት ነው የጠሩኝ። ስደርስ አልፋለች። ከዚህ በፊት አክሜያት አላውቅም፤ በመድረክ ነው የማውቃት። ራስ ላይ የሚወጣ ወባ ፈጣን ነው፣ መቶ አለቃ። ብርድ ብርድ እያላት፣ መስኮቷን ዘግታ፣ ብቻዋን ስትንቀጠቀጥ ያደረች ምስኪን ናት። ያሳዝናል።»

ዘገዬ መነጽሩን ጠረገ። «ከጡቶቿ ሥር ያለውን ቀለም አይተዋል?»

ዶክተሩ ብዕሩን ከጠረጴዛው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«እሱን አላስተዋልሁም። ግን እንዲያ ከሆነ መጋላ ወዳለችው ወደ ኢስታር ጠጉር ቤት ይሂዱ። እዚያ ሴቶችን በመርፌ 'እናሳምራለን' ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ማይም ጠጉር ተኳሽ መርፌ ይዛ! ደግሞ ሌላዋ ዘፋኝ፣ ሃሊሞ የሚሏት፣ ከመድረክ በፊት ሻይ ሰጥታት እንደነበር ሆቴሉ ሁሉ ያወራል። ጠላቶች ነበሩ።»

«አመሰግናለሁ» አለ ዘገዬ።

ውጭ እንደወጡ ሙመድ «ሰውየው ቸር ነው» አለ። «አንድ ሬሳ፣ ሦስት ምክንያት። ወባ ካልወደድክ ጠጉር ቤት፤ ጠጉር ቤት ካልወደድክ ሻይ።»

ዘገዬ የክሊኒኩን ጓሮ በአጥሩ በኩል እያየ ቆሟል። ነጫጭ አንሶላዎች ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ፀሐዩ ደርቀው እንደ ካርቶን እስኪቆሙ ድረስ አድርቋቸዋል። አንዱ ግን ከመሐሉ ተጣብቆ ቁልቁል ወርዷል፤ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ የመጣው አቧራ በሁለት ቦታ ብቻ ተለጥፎበታል።

ሙመድም አየው። «አጂብ! በድሬ ፀሐይ ሱሪህን አጥበህ ሳታሰጣው ይደርቃል። ይህ አንሶላ ምን ሆኖ ነው የሰነፈው?»

ገብተው ነኩት። ያንሸራትታል። አይሸትም። ዶክተሩ ከኋላቸው በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ቫዝሊን ነው» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው። «ወገቡን የታሸ ሕመምተኛ ነበረኝ።»

«እወስደዋለሁ» አለ ዘገዬ።

ጣቢያ ሲመለሱ አዛዣቸው ሻለቃው ሥራውን ጨርሶ ጠበቃቸው። ኢስሃቅ መጥቶ ስለ ሻዩ ተናግሯል፤ ሃሊሞ ታስራለች። ሁለቱ ዘፋኞች ከትናንት በስቲያ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሲጯጯኹ፣ ሃሊሞም ማዘንጊያን በጥፊ ስትመታ የሰማ ሰው ሞልቷል።

«መርዝ ነው» አለ ሻለቃው። «ነገ ከቀትር በኋላ ወደ ሐረር ወህኒ ትሄዳለች። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ካለህ አምጣ።»

ሃሊሞ የቢዮ አዋሌ መንደር ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ድምፀ ጎርናና። ቀኝ እጇን ከጎኗ አጣብቃ ግድግዳውን ሳትደገፍ ተቀምጣለች። ዘገዬ ሲገባ አልተነሣችም።

«ወላሂ መርዝ አላውቅም። ሎሚ ያለበት ሻይ ነው፤ ስላሳላት ነው የሰጠኋት። ካላመንከኝ ግደለኝ፤ ግን አቦ፣ ጥያቄህን አትደጋግም!»

«ለምን መታሻት?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«በሆቴሉ ማስታወቂያ ላይ የሷ ሥዕል ሊወጣ ነው ብለሽ ቀንተሽ ነው?»

«ማስታወቂያው በጀሐነም ይቃጠል!»

ሙመድ ወንበር ይዞ በአጠገቧ ሲያልፍ ክርኑ ደረቷን ሊነካት ምንም አልቀረውም። ሃሊሞ እንደተቃጠለ ሰው ዘላ ወደ ጥግ ሸሸች። ዘገዬ አስተዋለ፤ ቀድሞም ውኃ ሲሰጣት በግራ እጇ ነበር የተቀበለችው፤ ቀኟ ከጎኗ አልተላቀቀም። ሙመድን በዓይኑ አስወጣው። ወንበሩን ራቅ አድርጎ ተቀመጠ።

«ሃሊሞ፣» አለ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺም ላይ ተደርጓል?»

በሩ መዘጋቱን አየች። ከዚያ ሻሿን ከአንገቷ ገለል አደረገች። ከልብሷ ጫፍ በላይ የታየው ቆዳ ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ብሏል።

«ድንጋይ ነው» አለች። «መጀመሪያ አማረ። ኢስሃቅ እያጨበጨበ 'አሁን ሴት ሆንሽ' አለኝ። ከዚያ ጠጠረ። አሁን ሌሊት ትኩሳት አለኝ፤ እጄን ወደ ላይ ማንሣት አልችልም፤ ስዘፍን ይወጋኛል። ወደ ብብቴ እየሄደ ነው። ይሄዳል፣ ይገባሃል? እንደ ሕያው ነገር ይሄዳል።»

«ማን ነው የወጋሽ?»

«እንዴት አውቃለሁ? በኢስታር ጓዳ ነው፤ ከተማው በቀትር ሲተኛ። ፊቴን በፎጣ ሸፈኑት። የወጋኝ ሰው ቃል አልተናገረም። ማዘንጊያ ልትሄድ መሆኑን ስሰማ አበድኩ። 'አትሂጂ፣ እኔን እዪኝ' አልኳት። 'ቀንተሽ ነው' አለችኝ። ለዚያ ነው የመታኋት። እንድትቀር ነው የመታኋት! ይህን ለሻለቃህ ነግሬው ልብሴን አስወልቆ ይየኝ? አልነግረውም። ሐረር ውሰዱኝ።»

ዘገዬ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣ።

ወደ መጋላ ሲሻገሩ የደቻቱ አሸዋ በጫማቸው ውስጥ ይፈጅ ነበር። ኢስታር ዕድሜዋ አርባን ያለፈ፣ እጇ በወርቅ አምባር የተሞላ ሴት ናት። ከመደርደሪያዋ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም በሽ ነው።

«ቀለም የምሸጠው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? አገር ሙሉ የጅቡቲ ኮንትሮባንድ አይደለም?»

«መርፌስ?»

«መርፌ ይዤ አላውቅም!»

«የያዘው ማን ነው?»

አምባሮቿ ተንቀጫቀጩ። «ስሙን ብናገር ማን ያምነኛል? እኔ ጠጉር ተኳሽ ነኝ። 'አንቺ ነሽ ያደረግሽው' ይለኛል፤ ሁሉም እሱን ነው የሚያምነው።»

«ነገ በቀትር ጨረቃ ሆቴል ነይ» አለ ዘገዬ። «ካልመጣሽ ሃሊሞ ባንቺ ፈንታ ሐረር ወህኒ ትወርዳለች።»

በማግስቱ ሱቆች በራቸውን ሲዘጉ፣ ጋሪዎች ከዛፍ ሥር ሲቆሙ፣ ሰው ሁሉ ለቀትር እንቅልፉ ሲጋደም፣ በጨረቃ ሆቴል የዳንስ አዳራሽ ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ። ኢስሃቅ በመድረኩ ጫፍ፣ ዶክተር ገብረ መድኅን እግሩን አነባብሮ፣ ኢስታር በበሩ አጠገብ፣ በለጠች ቆማ። ሃሊሞን ሙመድ ከጣቢያ አመጣት። ሻለቃው ራሱ ከኋላ ተቀምጧል። ከላይ ማራገቢያው ትኩሱን አየር እያማሰለ ይንጫጫል።

ዘገዬ መሐል ላይ ቆመ። ድምፁን ለመስማት ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

«ከመስኮቱ እጀምራለሁ። በግንቦት ድሬዳዋ ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛ ሰው ታውቃላችሁ?»

«ሌባ ፈርቶ እንኳ የሚዘጋ የለም» አለ ሙመድ። «ሌባውም ውጭ ነው የተኛው።»

«የማዘንጊያ መስኮት ተዘግቶ ነበር፤ በሩም ከውጭ ተቆልፎ። መስኮቱ የሚከፈተው የሆቴሉ ሠራተኞች ወደሚተኙበት ጓሮ ነው። ትንፋሽ ያጠራት ሴት መስኮት አትዘጋም። የዘጋው ሌላ ሰው ነው፤ የዘጋውም ማሳሏንና ማቃሰቷን ጓሮ የተኛው ሰው እንዳይሰማ ነው። ስለዚህ በዚያ ሌሊት፣ እሷ በሕይወት ሳለች፣ ከክፍሏ ገብቶ የወጣ ሰው አለ።»

ኢስሃቅ መሐረቡን አወጣ።

«ጠዋት በለጠች ገብታ፣ ገና ከመጮኋ በፊት መስኮቱን ከፈተች። ከሷ በኋላ የገባ ሁሉ ያየው ክፍት መስኮት ነው። መዘጋቱን ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረችም። ታዲያ ዶክተር፣ እርስዎ ትናንት ጠዋት 'መስኮቷን ዘግታ ስትንቀጠቀጥ ያደረች ምስኪን' አሉኝ።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ገምቼ ነው። ወባ የያዘው ሰው ይበርደዋል። ይህ የሕክምና ዕውቀት እንጂ ወንጀል አይደለም።»

«እሺ፤ ግምት ነው እንበል። ወደ ሻዩ እንሂድ። የሆስፒታሉ ሐኪም ሬሳውን መርምሯል። መርዝ የለም። ወባም የለም። ሳንባዋ ውስጥ ግን፣ በደም ሥሮቿ ውስጥ፣ እንደ ዶቃ የተንጠባጠበ ቅባት ሞልቷል። ማዘንጊያ በአየር መካከል ሆና ነው የሰመጠችው። ቅባቱ ከጡቶቿ ነው የሄደው። እዚያ በመርፌ ተጨምሮ ቀዳዳው በጥፍር ቀለም ተደፍኗል።»

ሻለቃው ሃሊሞን አየና ፊቱን መለሰ።

«ቅባቱን ማን ጨመረው? ይህ የማዘንጊያ ጡት መያዣ ነው። ይህ ደግሞ ከዶክተሩ ጓሮ ያመጣሁት አንሶላ ነው። ሁለቱም እስካሁን አልደረቁም።»

«ቫዝሊን ነው አልሁዎት» አለ ዶክተሩ፤ ፈገግታው ግን ከፊቱ ወርዷል።

ዘገዬ ከሁለቱ ጨርቆች ብጣሽ ብጣሽ ቀደደ። ሦስተኛ ብጣሽ ከኪሱ አውጥቶ ቫዝሊን ቀባው። ሦስቱንም ሳህን ላይ አድርጎ ክብሪት ጫረ። ቫዝሊን የነካው ጥቁር ጭስ አወጣ፤ ጥላሸቱ ሳህኑን አጠቆረው። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ሲነዱ ነጭ ጭስ ሰጡ። እሳቱ ሲጠፋ በላያቸው እንደ ዱቄት የነጣ፣ ነካ ሲያደርጉት የሚፈረፈር አመድ ቀረ። ዘገዬ ሳህኑን እያዞረ ለሁሉም አሳየ፤ በመጨረሻ ከዶክተሩ ጉልበት ላይ አስቀመጠው።

«ቫዝሊን እንዲህ አይነድም። የማዘንጊያ ደረትና የእርስዎ አልጋ ላይ ያለው ነገር አንድ ነው። ዛሬ ጠዋት እርስዎ በሌሉበት ክሊኒክዎ ተፈትሾ ይህ ተገኝቷል።»

ሙመድ ክዳኑ የተቀዳደደ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገ።

«ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው አስነብበነዋል» አለ ዘገዬ። «ሲሊኮን የሚባል ዘይት ነው። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ማቀዝቀዣ የሚሆን። ለሰው የሚል ቃል የለበትም። ኢስታር፣ አሁን ስሙን ብትናገሪ የሚያምንሽ አለ።»

ኢስታር አምባሮቿን በሌላው እጇ ጨብጣ ተነሣች።

«እሱ ነው። ሴቶቹን እኔ አመጣለሁ፣ ቀለሙን እኔ እሰጣለሁ፣ መርፌውን የሚይዝ እሱ ነው። ሃሊሞ ስትታመም ፈራሁና ቤቴን ከለከልኩት። ማዘንጊያን ግን ከትናንት በስቲያ በቀትር ወደ ራሱ ክሊኒክ ወስዶ ወጋት። እኔ ነኝ እስከ በሩ ያደረስኳት።» ወደ ሃሊሞ ዞረች። «እየሳቀች ነበር።»

«አሁን አንተ፣ ኢስሃቅ» አለ ዘገዬ። «ክንዷ ላይ አዲስ የመርፌ ቀዳዳ አለ። እሱን ከመድረክ ከወረደች በኋላ ማን ወጋት? ዶክተሩን ማን ጠራው?»

ኢስሃቅ መሐረቡን ፊቱ ላይ ጫነው። «እኔ ነኝ» አለ ከመሐረቡ ሥር። «ትንፋሽ አጠራት፤ በስልክ ጠራሁት። መጥቶ ወጋትና 'የእንቅልፍ መድኃኒት ነው፤ እስከ ጠዋት ማንም እንዳይቀሰቅሳት' አለኝ። ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። መስኮቱን መዝጋቱን አላየሁም፤ ወላሂ አላየሁም! ጠዋት ሞታ ስትገኝ 'ብትናገር አብረን እንታነቃለን' አለኝ። 'የሻዩን ነገር አንሣ' ያለኝም እሱ ነው።»

«አንተም አነሣኸው» አለች በለጠች። «ለክብሯ ብለህ።»

ዶክተሩ ተነሣ። ጋውኑን አስተካከለ። አሁን ድምፁ የተለካ አልነበረም።

«በሠለጠነው ዓለም ይህ በየቀኑ ይደረጋል! ጎትቼ ያመጣኋት ሴት የለችም፤ በእግራቸው መጥተው፣ ለምነውኝ ነው። አንድ ጠብታ በስሕተት ደም ሥር ገባ። አደጋ ነው። በሕክምና አደጋ ይደርሳል!»

«መርፌው አደጋ ነው እንበል» አለ ዘገዬ፤ ድምፁ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «መስኮቱ ግን አደጋ አይደለም። ሆስፒታሉ ከዚህ በጋሪ ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ የሚደረስ ነው። ወደዚያ ቢወስዷት ምን እንደሆነች ይታወቅ ነበር። ስለዚህ አስተኟት፣ መስኮቷን ዘጉ፣ በሯን ቆለፉ፣ መንገዱን ተሻግረው ሄደው ተኙ። መድኃኒትዎ ግን አላስተኛትም። ነቅታ እስከ በሩ ተሳበች። ጥፍሯ እስኪሰበር አንኳኳች። ጓሮው ሙሉ ሰው ነበር፤ የሰማት የለም።»

 ማራገቢያው ብቻ ተንጫጫ።

ሙመድ ካቴናውን ይዞ ሲቀርብ ሃሊሞ ቀደመችው። ከዶክተሩ ፊት ቆመች፤ በቁመት ትበልጠዋለች።

«ፎጣ የለም ዛሬ» አለች። «እየኝ። እኔ ነኝ፣ ሃሊሞ። ያስገባኸውን አውጣልኝ።»

ዶክተሩ ወደ ሻለቃው አየ።

«እሱን አትይ፤ እኔን እየኝ! ብርጭቆ ሙሉ ነው ያስገባኸው። ሐኪም አይደለህም? አውጣልኝ!»

«አይወጣም» አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ። «ከሥጋው ጋር ተቀላቅሏል። መቁረጥ እንጂ… ሙሉ በሙሉ አይወጣም።»

«ስትወጋኝ ታውቅ ነበር?»

የጋውኑን አዝራር ቆለፈ።

«ታውቅ ነበር ወይ?»

ካቴናው ሲዘጋ የተሰማው ቀጭን ድምፅ መልስ ሆነ። ሙመድ ዶክተሩንም ኢስሃቅንም ይዟቸው ወጣ። ሻለቃው ቆቡን አነሣ፤ ሃሊሞን ሳያይ አልፏት ሄደ።

ዘገዬ ወደ እሷ ቀረበ።  «የሆስፒታሉ ሐኪም ሊያይሽ ፈቅዷል። አዲስ አበባ የተሻለ እንዳለም ነግሮኛል። እንደሚያድንሽ ግን አላውቅም። አልዋሽሽም።»

«አትዋሸኝ» አለች። ከዚያ ወደ ኢስታር ዞረች። «ስንት ነን?»

ኢስታር በር ላይ እንደተጣበቀች ቀርታለች። «እ?»

«እኔና ማዘንጊያ ብቻ አይደለንም። ከኛ ሌላ ያመጣሻቸው እነማን ናቸው?»

«ባል ያላቸው አሉ… ቤተሰቦቻቸው ቢሰሙ…»

«ዛሬ ቀትር ላይ ለመወጋት ቀጠሮ የያዘች አለች?»

ኢስታር «ኡባህ» አለች። «የጨርቅ ነጋዴው ሚስት። ጣሳው ውስጥ ከተረፈው ሊጨምርላት ነበር፤ ለእሷ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ሌሎቹም አሉ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ።»

«ተነሺ። በየበራቸው ትወስጂኛለሽ። አንቺ ታንኳኪያለሽ፣ እኔ አሳያቸዋለሁ።»

«አሁን? ሰው ሁሉ ተኝቷል እኮ፣ ሃሊሞ! በቀትር የሰው በር አይመታም!»

ሃሊሞ ሻሿን ከአንገቷ ላይ ፈትታ መሬት ጣለችው። አዳራሹን አቋርጣ ኢስታርን በክንዷ ይዛ ወጣች። ዘገዬ ተከተላቸው። የከዚራ ሰፈር ጸጥ ብሏል፤ የመንገዱ ሬንጅ ቀልጦ ከጫማ ይጣበቃል፤ በሮች ሁሉ ተዘግተዋል፤ አንድ የጋሪ ፈረስ ብቻ ከዛፍ ሥር ጅራቱን ይወዘውዛል። መጋላ ደርሰው ኢስታር በአንድ አረንጓዴ በር ፊት ቆመች፤ በሁለት ጣቷ ጠረብ ጠረብ አደረገች። የመለሰ የለም።

«እንደሱ አይደለም» አለች ሃሊሞ።

ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሣች። ሕመሙ ፊቷን አጣመመው፤ ግን አላወረደችውም። በሩን በቡጢዋ እየደጋገመች ደበደበች፤ በመድረክ በማታወጣው፣ በጎርናናው፣ በሙሉ ድምፏ ጮኸች።

«ኡባህ! መስኮትሽን ክፈቺ!»